ሳይለካ የተዘጋ ሞተር

በማለዳ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ወይም ከቦሌ ሚካኤል ወደ ቡልቡላ የሚጓዝ ሰው ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀ የሚሄድ መኪና ቢቀድመው አይደንቀውም። «ሞተሩ አርጅቷል» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስላረጀ ሞተር አይደለም፤ ገና ትናንት ከጋራዥ ስለወጣው ነው። ባለቤቱ ሞተሩን አስወርዷል፣ ፋሻ አስቀይሯል፣ ቴስታታውን አሠርቷል፣ ጓርኒሲዮኑን በአዲስ ተክቷል፣ ከፍሎም ተረክቧል። ወር ሳይሞላው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ሲያይ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ወርዷል። መኪናው የቆመበት መሬት ደረቅ ነው፤ የፈሰሰ ነገር የለም። ጋራዥ ሲመለስ ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰማል፦ «እስኪላመድ ነው»፣ «ፋሻው ፎርጅድ ሆኖብን ነው»፣ ወይም «እንደገና ይፈታ»። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ቅር የሚለው ሦስቱም አንድ ነገር ሳይለካ መነገራቸው ነው። በዚህ ዝግጅት የምንሟገተው ለዚህ ነው፦ አዲስ የተሠራ ሞተር ዘይት ሲበላ መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ቁጥር ይሰብሰብ፤ የተሰበሰበው ቁጥርም በአዲስ አበባ ከፍታ ይነበብ።

ነገሩ ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ የከበደበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ጠንከር ያለ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው ኮሮላ፣ ቪትዝ ወይም ሚኒባስ ሞተሩ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ እየተሠራ መኖር አለበት። ሞተር በተፈታ ቁጥር ደግሞ ሲሊንደሩ ሊሰፋ፣ ቴስታታው ሊሳሳ፣ ብሎኑ ሊደክም ይችላል። ያለ ምክንያት የተፈታ ሞተር ከዕድሜው ላይ ተቀንሶበታል።

ዘይት ወደሚቃጠልበት ክፍል የሚገባባቸው በሮች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው በፒስቶኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለው ነው። አብዛኛው ፒስቶን ሦስት ፋሻ፣ ማለትም ቀለበት፣ አለው። የላይኛው ጋዙን ይይዛል። የመካከለኛው ጋዝ በመያዝ ያግዛል፣ ዋና ሥራው ግን ዘይት መጥረግ ነው። የታችኛው የዘይት ፋሻ የሚባለው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሁለት ስስ ቀለበቶችና እነሱን ወደ ውጭ ከሚገፋ መወጠሪያ የተሠራ ሲሆን ግድግዳው ላይ የተረጨውን ዘይት ጠርጎ በፒስቶኑ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ታች ይመልሳል። ሁለተኛው በር ከላይ፣ ቴስታታው ውስጥ ነው። ቫልቮቹ የሚንሸራተቱበት ጋይድ ከሰፋ፣ ወይም አንገታቸው ላይ የምትቀመጠው ትንሽ የዘይት ላስቲክ ከተቀደደች ዘይቱ በቫልቩ ግንድ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሦስተኛው በር የሞተሩ መተንፈሻ ነው። ከታች የሚጠራቀመውን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የምትመልሰው ቫልቭ ከተበላሸች ዘይትም አብራ ታስገባለች። ዋጋዋ ከሁሉ ትንሹ ስለሆነ ሞተር ሲሠራ ብዙ ጊዜ የምትረሳው እሷው ናት። ቱርቦ ያለው ናፍጣ መኪና አራተኛ በር አለው፤ የቱርቦው ዘንግ ማሸጊያ ከለቀቀ ዘይቱ በአየር መንገዱ በኩል ይገባል። ፋሻው በነገር ሁሉ እየተወቀሰ ጥፋተኛው ቱርቦ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እነዚህ በሮች ምን ያህል ቢከፈቱ ነው ሞተር ዘይት በላ የሚባለው? አንድ መኪና በ1,000 ኪሎሜትር አንድ ሊትር ይበላል እንበል፤ ይህ ለአዲስ የተሠራ ሞተር በጣም ብዙ ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ኪሎሜትር 2,500 ጊዜ ያህል ቢዞር፣ አራቱ ሲሊንደሮች በ1,000 ኪሎሜትር ውስጥ በድምሩ 5 ሚሊዮን ጊዜ ያቀጣጥላሉ። አንድ ሊትር ደግሞ 20,000 ጠብታ ገደማ ነው። አንዷን ጠብታ 250 ማቀጣጠል ይካፈሏታል ማለት ነው። ዓይን ይህን አያይም። የጣት ጥፍር በሲሊንደር ግድግዳ ላይ ቢሄድም አይለየውም። «አየሁት፣ ደህና ነው» የሚለው ቃል የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ ከሰው ፀጉር በሳሳ ልክ ውስጥ ይደበቃል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቁጥር የዘይቱ ፍጆታ ራሱ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ ሞተሩ ከጠፋ አሥር ደቂቃ ይቆይ፤ ዘይቱን በትክክል እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉና የኪሎሜትር ቆጣሪውን ጻፉ። ከ500 ኪሎሜትር በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሁኔታ፣ ወደ ላይኛው ምልክት ለመመለስ ስንት ሚሊሊትር እንደጨመራችሁ በምልክት በተከፋፈለ ዕቃ ለኩ። ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ጋራዡ ዘይቱን ከልክ በላይ ሞልቶ ከሆነ ትርፉ በሚሽከረከረው ዘንግ እየተመታ በመተንፈሻው በኩል ይወጣል፤ የመጀመሪያው 500 ኪሎሜትር ሞተሩን ያላግባብ ያስወቅሰዋል። ሁለተኛው የከተማችን ወጥመድ ነው። ከአያት ቦሌ እየተመላለሰ በትራፊክ መካከል የሚውል ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ ውሃና ያልተቃጠለ ነዳጅ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ልኩ ያልጎደለ ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን አዳማ ደርሶ ሲመለስ የተቀላቀለው ይተንና ዘይቱ በአንዴ ያዘቀዝቃል። ባለቤቱም የፍጥነት መንገዱ ሞተሩን ገደለብኝ ይላል። መንገዱ ያደረገው ነገር ቢኖር ተሸፍኖ የነበረውን ጉድለት መግለጥ ነው።

ከዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ማንኛውም ሞተር ትንሽ ዘይት ይበላል ይባላል። ልክ ነው። ግድግዳው ላይ ጨርሶ ዘይት ባይቀር ፋሻው ይላጭ ነበር። አንዳንድ የአውሮፓ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው በ1,000 ኪሎሜትር እስከ ግማሽ ሊትር ሊበላ ይችላል ብለው ይጽፋሉ። ቶዮታ 2.4 ሊትሩ የቤንዚን ሞተሩ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ በተሠሩ አንዳንድ መኪኖቹ ላይ ዘይት እየበላ ሲያስቸግረው በአሜሪካ ለደንበኞቹ ያቀረበው መፍትሔ የሚጀምረው በመለካት ነበር። ዘይቱ ይሞላል፣ ደንበኛው 1,200 ማይል ነድቶ ይመለሳል፤ የጎደለው ከአንድ የአሜሪካ ኳርት ካለፈ ፒስቶንና ፋሻ ይቀየራል። ወደ እኛ መለኪያ ስንመልሰው በ1,000 ኪሎሜትር ግማሽ ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ልብ በሉ፤ ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ ራሱ እንኳ ሳይለካ አልፈታም። ሌላም የምንማርበት ነገር አለ። እዚያ ችግሩ ከፒስቶንና ከፋሻ ንድፍ የመጣ ነበር፤ ስለዚህ ፋሻ ብቻ ለውጦ ፒስቶኑን እንዳለ መመለስ ችግሩን ወደ ቀድሞው ቦታ ይመልሰዋል።

«እስኪላመድ ነው» የሚለውም በቁጥር ሊፈተን ይችላል። አዲስ ፋሻ ከአዲስ ግድግዳ ጋር ሲላመድ ፍጆታው ከሳምንት ሳምንት ይወርዳል። የመጀመሪያው 500 ኪሎሜትር 400 ሚሊሊትር፣ ሁለተኛው 200፣ ሦስተኛው 100 ከሆነ መካኒኩ እውነቱን ነው፤ ታገሡት። ሦስቱም ጊዜ 400 ከሆነ ወይም እየጨመረ ከሄደ መላመድ የሚባል ነገር የለም፤ ትዕግሥትም ዘይት ከማስጨረስ በቀር አይጠቅምም። አንድ ልክ ብቻ ይዞ መከራከር ግን ለባለመኪናውም ለመካኒኩም ፍርድ አይሰጥም።

ሁለተኛው ማስረጃ የጭሱ ሰዓት ነው። ቀለሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰማያዊ ዘይት፣ ጥቁር ነዳጅ፣ ነጭ ውሃ። በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ጠዋት ከማርሚታው የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ግን የማንም ጤነኛ ሞተር እስትንፋስ ነውና አትደንግጡ። ሽታውን ለዩ፤ የተቃጠለ ዘይት ዓይን ይቆጠቁጣል። ከቀለሙ ይልቅ ብዙ የሚናገረው መቼ እንደሚጨስ ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና ሲነሣ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ለቅቆ ካቆመ ዘይቱ ሌሊቱን ከላይ ሲንጠባጠብ ነበር፤ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ላስቲኮች ይሄዳል። ጫና ውስጥ ሲገባ፣ ለምሳሌ አቀበት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ያለማቋረጥ ከጨሰ ወደ ፋሻ ያዘነብላል። ረጅም ቁልቁለት እግርን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ፣ በማርሽ ይዞ ወርዶ፣ ታች ሲደርስ ነዳጅ ሲሰጥ ጭስ ደመና ከሆነ ደግሞ በመምጠጥ ጉልበት የገባ ዘይት ነው፤ ጋይዱንና ላስቲኩን ያስጠረጥራል፣ የዘይት ፋሻውንም ግን ነፃ አያወጣም። እንዲህ ያለውን ምልክት እንደ ምስክር እንጂ እንደ ፍርድ መያዝ ነው። ማርሚታው ላይ ጤነኛ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያለው መኪና ሲሞቅ ዘይቱን እዚያው ስለሚያቃጥለው ጭስ ሳይታይ ሊትር ሊጎድል ይችላል። ከጊዜ በኋላ ግን በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ኮንቨርተሩን ራሱን ያበላሸዋል።

አሁን ብዙ ክርክር ወደሚነሣበት መለኪያ እንምጣ፤ የኮምፕሬሽን ጌጅ። ካንዴላዎቹ ይነቀላሉ፣ ጌጁ ይገጠማል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ቁጥሩ ይነበባል። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ መካኒኩ ያነበበውን ቁጥር ከአምራቹ መጽሐፍ ወይም ከስልኩ ካገኘው ቁጥር ጋር በቀጥታ ያወዳድራል። መጽሐፉ የሚሰጠው ልክ ግን ወደ ባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ አየር ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ፒስቶን የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ ሩብ የጎደለ አየር ከተሰጠው የሚያሳየው ቁጥርም በሩብ ይጎድላል። መጽሐፉ 180 ፒኤስአይ ካለ ጤነኛ ሞተር ቦሌ ላይ 135 ገደማ ቢያነብ ምንም አልሆነም። ይህን ያላሰበ ሰው 135 አይቶ «ፋሻው አልያዘም» ብሎ ጤነኛ ሞተር ይፈታል። በሚኒሞ ላይ የአየር ማስገቢያውን መምጠጥ የሚለካው ጌጅም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ቢል እኛ ዘንድ ሰባት ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል።

አንዳንድ ጎበዝ መካኒኮች በዚህ ላይ በቂ የሚመስል መልስ አላቸው። «ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ ከተቀራረቡ ሞተሩ ደህና ነው፤ ከፍታው ሁሉንም እኩል ይነካል» ይላሉ። ላገለገለ ሞተር ይህ ጥሩ መመዘኛ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ተለይቶ ሲወድቅ ያጋልጠዋል። ለአዲስ የተሠራ ሞተር ግን አይበቃም። ምክንያቱም አራቱም ሲሊንደሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ መሣሪያ ተሠርተዋል። ቶርኖ ቤቱ ካበላሸ አራቱንም እኩል ነው የሚያበላሸው፤ ፋሻው ካነሰም አራቱም ላይ ነው የሚያንሰው። እኩል የታመሙ አራት ወንድማማቾችን እርስ በርስ ማወዳደር ጤንነትን አያሳይም። ስለዚህ ለከፍታው ተስተካክሎ የተሰላውን ትክክለኛ ቁጥር ማወቅ ግድ ይሆናል። ባትሪው የጠነከረ፣ ሞተሩ የሞቀ፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው የተረገጠ መሆኑም ይረጋገጥ፤ አለዚያ ከአየሩ ጉድለት ላይ የባትሪው ድክመት ተደርቦ ልኩን ያሳስተዋል።

ሌላው ስሕተት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ወጣ፣ ስለዚህ ፋሻው ነፃ ነው ይባላል። ጌጁ የሚመረምረው ጋዝ የሚይዙትን ፋሻዎችና ቫልቮቹን ነው። ዘይት የሚጠርገው የታችኛው ፋሻ ጋዝ አይይዝም፤ ተሰብሮ፣ ተጣብቆ ወይም መወጠሪያው ጫፍ ለጫፍ መግጠም ሲገባው ተደራርቦ ተቀምጦ ቢሆንም ኮምፕሬሽኑ እንከን የለሽ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። እንዲያውም ግድግዳው በዘይት የረጠበ ሞተር ዘይቱ ራሱ ክፍተቱን ስለሚዘጋለት ቁጥሩ ከፍ ይልለታል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት የተለመደው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቁጥሩ በጣም ከዘለለ የላይኞቹ ፋሻዎች ያፈሳሉ፣ ካልተነቃነቀ ፍሳሹ በቫልቭ በኩል ነው። ከዚህ የሚሻለው የተጨመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ አስገብቶ ስንት እጅ እንደሚያመልጥ የሚለካው ነው። አየሩ የሚመጣው ከኮምፕሬሰር ስለሆነ ከፍታው ብዙም አያስተው፤ ጆሮ ደግሞ ቀሪውን ይጨርሳል። ፊሽታው በዘይት መሙያው ክዳን በኩል ከተሰማ ፋሻ ነው፤ በጭስ ማውጫው ከተሰማ የጭስ ቫልቭ፣ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የአየር ቫልቭ። ዛሬ ደግሞ ከስልክ ጋር የሚያያዝ ቀጭን ካሜራ በካንዴላው ቀዳዳ ማስገባት ይቻላል። የፒስቶኑ አናት ዳር ዳሩ በዘይት ታጥቦ ከነጣና መሐሉ ብቻ ከጠቆረ ዘይቱ ከታች ነው የሚመጣው። የአየር ቫልቩ ጀርባ በወፍራም የረጠበ ጥላሸት ከተሸፈነ ደግሞ ከላይ ወይም ከመተንፈሻው ነው። ካንዴላዎቹንም በሲሊንደራቸው ቁጥር ደርድሩ። ከአራቱ አንዷ ብቻ ከረጠበች የተሰበረ ፋሻ ወይም የተቀደደች ላስቲክ ፈልጉ፤ አራቱም ከረጠቡ ጥፋቱ የጋራ ነው።

የጋራ ጥፋት ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው ዕቃው ነው። ፎርጅድ ፋሻ ገበያ ውስጥ የለም ማለት አይቻልም፤ ሶማሌ ተራ ዕቃ ሲፈልግ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ይሁንና ክሱን ከባድ የሚያደርገው አንድ ጥያቄ አለ፦ ፋሻው ከመገጠሙ በፊት ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የጫፎቹ ክፍተት ተለክቶ ነበር? ይህ ልክ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ መጠኑ የተሳሳተ ፋሻ እዚያው ይጋለጣል። ካልተለካ ደግሞ ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አይሆንም። ከዚህ በላይ የሚያመዝነው የሒሳብ ነገር ነው። ባለመኪናው ወጪ ለመቀነስ «ፋሻ ብቻ ቀይሩልኝ» ይላል፤ ሲሊንደሩ ሳይሰፋ የመጀመሪያው መጠን ፋሻ ይገባል። የሲሊንደሩ ዲያሜትር በመበላት ብዛት በ0.1 ሚሊሜትር ሰፍቶ ከነበረ ዙሪያው በ0.31 ሚሊሜትር ሰፍቷል፤ ይህ ሁሉ በፋሻው ጫፎች መካከል ክፍተት ሆኖ ይቀመጣል። 0.30 መሆን የነበረበት 0.61 ይሆናል። ፋሻው ከየትኛውም ስመ ጥር ፋብሪካ ይምጣ፣ ክፍተቱ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ሲሊንደር እኩል አይበላም፤ ከላይ፣ ፋሻው በሚቆምበት አካባቢ ይሰፋል፣ ከታች ይጠባል፣ ክብነቱም ወደ እንቁላል ቅርጽ ያደላል። አዲሱና ጠንካራው ፋሻ እንቁላል ቅርጽ ያለው ግድግዳ ላይ ዙሪያውን አይነካም፤ ያልነካው ቦታ ዘይት ያሳልፋል። ለዚህ ነው ሲሊንደሩ በማይክሮሜትር ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ተለክቶ፣ ልኩን ካለፈ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊሜትር ሰፍቶ፣ ያንን የሚመጥን ፒስቶንና ፋሻ የሚገባለት።

ሲሰፋም ነገሩ አያልቅም። የግድግዳው የመጨረሻ ገጽታ እንደ መስተዋት መንጻት የለበትም። በድንጋይ ተፈግፍጎ እርስ በርስ የሚቋረጡ ቀጫጭን መስመሮች ሊኖሩት ይገባል፤ መስመሮቹ ዘይት ይይዛሉ፣ ፋሻውንም ይሞርዱታል። መስመር የሌለው ግድግዳ ፋሻ አያላምድም። ከዚያ የሚመጣው እጥበት ነው፤ ይህን ደጋግሞ ቢሉት አይሰለችም። የድንጋዩ ብናኝ በመስመሮቹ ውስጥ ይደበቃል። በቤንዚን ወይም በናፍጣ መጥረግ ዘይቱን ይወስድና ብናኙን እዚያው ይተወዋል። የሚያወጣው ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ሳይታጠብ የተዘጋ ሞተር የራሱን ፋሻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበላል፤ ኋላ ሲፈታ «ፎርጅድ» የተባለው ፋሻ አለቅጥ ያለቀ ሆኖ ይገኛል፣ ክሱም የተረጋገጠ ይመስላል። ስለ አገጣጠሙ ባጭሩ፦ ምልክት ያለው የፋሻ ፊት ወደ ላይ ነው። የመካከለኛው ፋሻ ተገልብጦ ከገባ ዘይቱን በመጥረግ ፈንታ ወደ ላይ ያፈሰዋል። የቫልቭ ላስቲክ ያለ መሸፈኛ በቫልቩ ስለታም ጠርዝ ላይ ተገፍቶ ከገባ ገና ሥራ ሳይጀምር ይቀደዳል።

ሥራው ሁሉ በትክክል ተሠርቶም መኪናው ራሱ ከተማው ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ፋሻን ከግድግዳ ጋር አጥብቆ የሚገፋው የራሱ ውጥረት ብቻ አይደለም፤ የሚቃጠለው ጋዝ ከኋላው ገብቶ ይገፋዋል። ጋዙ የሚበረታው ሞተሩ ጫና ሲሸከም ነው። «አዲስ ነውና በቀስታ ንዳው» የተባለ ሰው ሳምንቱን በገርጂና በመገናኛ ሰልፍ በሚኒሞ ሲያንቀራፍፈው ፋሻው ሳይሞረድ፣ በመስመሮቹ ውስጥ ያለው ዘይት ተጋግሮ ግድግዳውን እንደ ብርጭቆ ይለብጠዋል። ከዚያ በኋላ መላመድ የለም። ከፍ ባለ ፍጥነት ማስጮህም አይበጅም። የሚበጀው መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ ደጋግሞ ነዳጅ መስጠትና መልቀቅ ነው፤ ሲለቀቅም ማርሹ ሳይወጣ። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስል ይመቻል። አዳማ ከእኛ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል መሄጃው መምጠጡን፣ መመለሻው ጫናውን ይፈትናል። ወደ ታች በወረዳችሁ መጠን አየሩ ስለሚወፍር የሞተሩ መምጠጥም ይበረታል፤ ቦሌ ላይ ያልታየ የቫልቭ ላስቲክ ጭስ እዚያ ብቅ ቢል ቦታው አጋለጠው እንጂ አዲስ ሕመም አይደለም። የአቧራውንም ነገር አንርሳ። ጎሮና ቦሌ አራብሳ አካባቢ፣ አስፋልት ያልደረሰባቸው መንገዶች ላይ የሚሠራ መኪና የአየር ማጣሪያው ቱቦ በአግባቡ ሳይጠበቅ ከጋራዥ ከወጣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ሳይሆን አሸዋ ነው። ቱቦውን በጣት ነክቶ ማየት ነጻ ነው፤ ከፋሻው በፊት እሱን እዩ።

ጋራዡም የሚለው አለው፣ መስማት ተገቢ ነው። «ደንበኛው ለማይክሮሜትር ሥራ አይከፍለንም፤ ዛሬ አስገብቶ ነገ ታክሲውን ይፈልጋል» ይላሉ። እውነት አላቸው። በመተግበሪያ ጥሪ የሚሠራ ሾፌር ለ1,500 ኪሎሜትር ሦስት ጊዜ ይለካ ሲባል ሥራ ፈት እንደሚሆን ሊመስለው ይችላል፤ ግን መኪናው አይቆምም፣ እየሠራ ነው የሚለካው፣ ያንን ርቀት ደግሞ በጥቂት ሳምንት ይጨርሰዋል። የሚያቆመው ዳግመኛ መፈታቱ ነው። ሌሎች ደግሞ «ወፍራም ዘይት ሙላበት ይተወዋል» ይላሉ። 20 ደብሊው 50 ዘይት በሰፊ ክፍተት ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያልና ፍጆታው በእርግጥ ሊቀንስ ይችላል። የዘይት ፋሻ መወጠሪያ የተደራረበበትን ሞተር ግን አያስተካክልም፤ ለቀጭን ዘይት የተሠራ ሞተር ላይም በጠዋቱ ብርድ ዘይቱ ወደ ላይ የሚደርስበትን ጊዜ ያረዝማል። ከሁሉ የሚከፋው ማስረጃውን ማደብዘዙ ነው፤ ዘይቱ በመሐል ከተለወጠ የመጀመሪያው 500 ኪሎሜትር ከሁለተኛው ጋር አይወዳደርም። ሦስቱ ልኮች እስኪያልቁ ድረስ በአንድ ዓይነት ዘይት ሂዱ።

ልኮቹ ሁሉ ተሰብስበው ሞተሩ ይፈታ ካሉ ይፈታ። ምልክቶቹ ወደ ላይ ካመለከቱ ቴስታታው ይበቃል፤ በብዙ ሞተር ላይ የቫልቭ ላስቲክን ቴስታታው ሳይወርድ እንኳ፣ ሲሊንደሩን በአየር ግፊት ሞልቶ ቫልቩ እንዳይወድቅ በማድረግ መቀየር ይቻላል። ምልክቶቹ ወደ ታች ካመለከቱ ደግሞ ባለመኪናው ፒስቶኑ በሚወጣበት ሰዓት እዚያ ይገኝ። ፒስቶኑ እንደወጣ፣ ማንም ጨርቅ ሳያነሣ፣ የሦስቱ ፋሻዎች ጫፎች የት የት እንደቆሙ፣ የመካከለኛው ፋሻ ምልክት ወደየት እንደሚያይ፣ የዘይት ፋሻው መወጠሪያ ጫፍ ለጫፍ ይግጠም ወይም ይደራረብ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ አራቱም በየቁጥራቸው። ከዚያ ፋሻው ወጥቶ በራሱ ሲሊንደር ውስጥ ይገባና የጫፎቹ ክፍተት ይለካ፤ ቁጥሩ ከፎቶው አጠገብ ይጻፍ። ፒስቶኑ በናፍጣ የሚታጠበው ከዚያ በኋላ ነው።